ባክቴሪያው የሚጣበቅባት ደቂቃ፦ የአካባቢ ሁኔታና ትራኮማ በምሥራቅ ጎጃም

አብዛኞቹ ተላላፊ ባክቴሪያዎች ሰውን ከማሳመማቸው በፊት አንድ ሊዘለል የማይችል ተግባር ይፈጽማሉ፤ ይኸውም በሰውየው ህዋስ ላይ መጣበቅ ነው። ሳይጣበቅ የቀረ ባክቴሪያ በእንባ፣ በምራቅ፣ በአክታ ወይም በሽንት ታጥቦ ይወገዳል፤ የተጣበቀው ግን ይቆያል፣ ይራባል፣ ቀስ በቀስም ጉዳት ያደርሳል። ይህ ተግባር በባክቴሪያውና በህዋሱ ጠባይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ሙቀት፣ እርጥበት፣ የጨው መጠን፣ የፈሳሹ ፍጥነትና የህዋሱ ገጽ ጤንነት ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በዚህ ረገድ የተከማቸው ዕውቀት ሰፊ ቢሆንም፣ በአመዛኙ የተገኘው ሁኔታዎች ሁሉ በተመጠኑበት የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቤት ደጃፍ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ዝንብ የዓይኑን ጥግ የከበበው ሕፃን ግን የሚኖረው በእንዲህ ያለ የተመጠነ ሁኔታ ውስጥ አይደለም። በሳህኑና በሕፃኑ ዓይን መካከል ያለው ይህ ክፍተት በምርምር እስካልተሞላ ድረስ፣ በምሥራቅ ጎጃም በትራኮማ ላይ የሚካሄደው ዘመቻ በመድኃኒት ላይ ብቻ ከመደገፍ ሊላቀቅ አይችልም።

የበሽታው ክብደት

ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የዓይን በሽታ ነው። ባክቴሪያው በዋናነት የሚያጠቃው የዓይን ቆብን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ነው። በልጅነት አንድ ጊዜ በበሽታው መያዝ ብዙውን ጊዜ ያለ ከባድ ጉዳት ያልፋል፤ አደጋው ያለው በመደጋገሙ ነው። ሽፋኑ በተደጋጋሚ ሲቆጣ ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው የዓይን ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብርሃን አሳላፊውን የዓይን ክፍል ይፍቀዋል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። በገጠር ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እያስነቀለች የምትኖር እናት የምታሳየው የዚህን ረጅም ሂደት መጨረሻ ነው። መጀመሪያው የተፈጸመው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ሕፃን ሳለች ነበር። ሴቶች ልጆችን የመንከባከብ ኃላፊነት ስላለባቸው ካደጉም በኋላ ለባክቴሪያው ደጋግመው ይጋለጣሉ፤ በዚህም ምክንያት በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ ድክመትና የትራኮማ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ልጆች መካከል 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው አመልክቷል። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከ62 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ብዙ ወረዳዎችም ተሻሽለዋል። ይሁንና ከ10 ዓመት በላይ በየዓመቱ መድኃኒት ከታደለ በኋላም በክልሉ በሽታው ከተፈለገው መጠን በታች ያልወረደባቸው ወረዳዎች አሉ። በመድኃኒቱ የሚድነው ዓይን በምን መንገድ መልሶ እንደሚያዝ በጥልቀት መመርመር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

መጣበቅ እንዴት ይከናወናል?

ክላሚዲያ ከህዋስ ውጪ ሲሆን መጠኑ የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ዐሥር ሺኛ ያህል የሆነ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በራሱ የማይራባ ቅንጣት ነው። ሊራባ የሚችለው ህዋስ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። ወደ ህዋሱ የሚያደርሰው መንገድም ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ በባክቴሪያው ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን፣ በህዋሱ ገጽ ላይ ከሚገኘው ሄፓራን ሰልፌት ከተባለ የስኳር ሰንሰለት ጋር በኤሌክትሪክ ሙል ስበት ይገናኛል። ይህ ግንኙነት የላላ በመሆኑ ሊፈታ ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ሌሎች ፕሮቲኖች ከህዋሱ ተቀባዮች ጋር ይቆላለፋሉ፤ ትስስሩም ጸንቶ ህዋሱ ራሱ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ይውጠዋል።

የአካባቢ ሁኔታ ጫና የሚያሳድርበት አመቺ ቦታ ያ የመጀመሪያው፣ የላላው ደረጃ ነው። ለምሳሌ በሳህኑ ላይ ሄፓሪን ሲጨመር ባክቴሪያው ከህዋሱ ይልቅ ከሄፓሪኑ ጋር ስለሚገናኝ መጣበቁ ይቀንሳል። ሙቀት ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ደግሞ ባክቴሪያው በህዋሱ ላይ ይለጠፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ሙቀቱ ሲመለስ የቀረውን ጉዞ ይቀጥላል። እነዚህ ቀላል ሙከራዎች መጣበቅና መግባት ተለያይተው ሊታዩ የሚችሉ ክንውኖች መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም ጣልቃ መግባት የሚቻልበት ጊዜ መኖሩን ያሳያሉ።

ከዚህ የበለጠ ሊጤን የሚገባው ግን ተመራማሪዎች እንደ ተራ ነገር የሚያዩት አንድ የቤተ ሙከራ ልማድ ነው። ዓይንን የሚያጠቁት የክላሚዲያ ዝርያዎች በሳህን ላይ በሚያድጉ ህዋሳት ዘንድ በራሳቸው ሲተዉ በደንብ አይዙም። ስለሆነም ባለሙያው ሳህኑን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ባክቴሪያውን በህዋሱ ላይ በኃይል ያሳርፈዋል፤ ብዙ ጊዜም የህዋሱን ገጽ አስቀድሞ በኬሚካል ያዘጋጃል። ይህ አሠራር ባክቴሪያውን ለማሳደግና ለመመርመር ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ዋናውን የአካባቢ ጥያቄ ይሸፍነዋል። በሕፃኑ ዓይን ውስጥ ሴንትሪፊውጅ የለም፤ የዓይኑ ገጽ ሙቀትም እንደ ማሳደጊያው ሣጥን 37 ሳይሆን ወደ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ እንባ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ ቆቡ በየጊዜው ይርገበገባል። ይህ ሁሉ እያለ ባክቴሪያውን ከህዋሱ ጋር የሚያገናኘው ኃይል ምንድን ነው? የሚያሽ ጣት፣ ፊት የሚጠርግ የነጠላ ጫፍ፣ የዝንብ እግር፣ የዓይናር ዝልግልግነት በዕጩነት ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ሁሉም የኑሮና የአካባቢ ጉዳዮች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን በቤተ ሙከራው ልማድ ምክንያት ከምርምሩ ውጪ ቀርቷል።

የህዋሱ ገጽም ቢሆን በአካባቢው ይለወጣል። ኒሞኮከስ በተባለው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች፣ የተበከለ አየር ብናኝ በመተንፈሻ አካል ህዋሳት ላይ ባክቴሪያው የሚይዘውን ተቀባይ እንደሚያበዛና መጣበቁንም እንደሚጨምር አሳይተዋል። ምድጃው ከመኝታው ባልተለየበት ቤት የሚያድግ ሕፃን ዓይን በየዕለቱ በኩበትና በእንጨት ጭስ ይቆጣል። ጭሱ በዓይን ቆብ ሽፋን ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ መመርመር ለደጋው አገር ተመራማሪ ከማንም ይልቅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ጎንቻ ሲሶ እነሴ ያስተማረው

ምሥራቅ ጎጃም ለዓለም የትራኮማ ምርምር እንግዳ አይደለም። በዞኑ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በ72 ንዑሳን ቀበሌዎች የተካሄደው «ጣና» የተሰኘ ሙከራ፣ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለማኅበረሰብ በጅምላ ስለማደል ከተደረጉ ታዋቂ ጥናቶች አንዱ ነው። ልጆች በየ3 ወሩ መድኃኒቱን በወሰዱባቸው ቀበሌዎች በልጆቹ ዓይን ላይ የተገኘው የባክቴሪያው ስርጭት በ12 ወራት ውስጥ ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወርዷል። በእነዚሁ ቀበሌዎች የሚኖሩ፣ መድኃኒቱን ያልወሰዱ ትልልቅ ሰዎችም ጭምር ተጠቅመዋል። ከዚህም አልፎ መድኃኒት በታደለባቸው ቀበሌዎች የልጆች ሞት፣ ገና ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በማንኛውም መመዘኛ ትልቅ ውጤት ነው።

የዚያው ሙከራ ሌላ ገጽ ግን እኩል ሊነገር ይገባዋል። በልጆቹ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚኖረው ኒሞኮከስ ሲመረመር፣ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ልጆች ድርሻ በ12 ወራት ውስጥ ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ አድጎ ነበር። ዓይንን ለማዳን የተሰጠ መድኃኒት በአፍንጫ ሽፋን ላይ የተጣበቀውን ሌላ ባክቴሪያ አበጥሮ፣ የተላመደውን አስቀረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ የተላመደው ባክቴሪያ ድርሻ ቀንሷል፤ ትራኮማ በበረታባቸው አካባቢዎች ግን መድኃኒት ሲቋረጥ የዓይኑ ባክቴሪያም መልሶ ይስፋፋል። ከዚህ አጣብቂኝ መድኃኒቱን በማብዛት ወይም በማሳነስ ብቻ መውጣት አይቻልም። ምክንያቱም መድኃኒቱ የሚያጠፋው አስቀድሞ የያዘውን ባክቴሪያ ነው፤ በማግስቱ ከጎረቤት ልጅ ዓይን የሚመጣው አዲስ ባክቴሪያ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ዘላቂ መከላከያ አይደለም።

ከአካባቢ ጥረቶች የተወሰደው የተሳሳተ ድምዳሜ

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው «ሴፍ» የተባለ ስልት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ መሻሻል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግልጽ ማስረጃ አላቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በሙከራ ሲፈተኑ ብዙ ጊዜ የተጠበቀውን ውጤት አልሰጡም። በጎንቻ በ«ጣና» ሥር መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ በተደረገባቸው ቀበሌዎች፣ መድኃኒት ብቻ ከታደለባቸው የተለየ ውጤት በ2 ዓመት ውስጥ አልታየም። በዋግ ኽምራ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በ40 መንደሮች የተካሄደው «ውሃ» የተሰኘ ሙከራ ደግሞ የውሃ ነጥብ፣ መጸዳጃ ቤትና የንጽሕና ትምህርት አንድ ላይ አቅርቦ ነበር። በ2022 የታተመው ውጤቱ፣ አገልግሎቱን ባገኙትና ባላገኙት መንደሮች ልጆች ዓይን መካከል የባክቴሪያው ስርጭት ልዩነት እንዳልነበረው አሳይቷል።

ከዚህ ተነሥቶ «አካባቢ ለትራኮማ ያን ያህል አይወስንም» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ሙከራው የመለሰው ጥያቄ የተወሰኑ አገልግሎቶች ለመንደር ሲቀርቡ በሽታው ይቀንሳል ወይ የሚለውን ነው። በሕፃኑ ዓይን ዙሪያ ያለው ሁኔታ በበቂ ተለውጦ ባክቴሪያው መጣበቅ ተስኖት እንደሆነ ማወቅ ሌላ ጥያቄ ነው። ከውሃው ነጥብ እስከ ዓይን ቆቡ ድረስ ረጅም ሰንሰለት አለ። ውሃው በጀሪካን ተሸክሞ ቤት ይደርሳል፤ ለወጥና ለጠላ፣ ለመጠጥና ለከብት ይከፋፈላል፤ የተረፈው የእናቲቱን ጊዜና ትኩረት ይጠብቃል፤ የታጠበ ፊትም ብዙ ሳይቆይ ዳግም በዓይናርና በንፍጥ ሊሸፈን ይችላል። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ከተበጠሰ ውሃው መንደር መድረሱ ለዓይን ምንም ላይፈይድ ይችላል።

ሰንሰለቱ እስከ ፊት ድረስ ሲቀጥል ውጤቱ እንደሚለወጥ የሚጠቁሙ ማስረጃዎችም አሉ። በታንዛኒያ ኮንግዋ እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱ የታተመው ሙከራ፣ መንደርተኛው በቅርብ ክትትል የልጆችን ፊት እንዲያጥብ ሲደረግ ከባዱ የትራኮማ ዓይነት እንደሚቀንስ አመልክቷል። በጋምቢያ ደግሞ ዝንብን በመርጨት መቆጣጠር የአዳዲስ ታማሚ ልጆችን ቁጥር ቀንሷል። ዓይን ላይ የሚያርፈው የዝንብ ዓይነት በዋናነት የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ላይ በመሆኑ፣ አዋቂው መጸዳጃ ቤት እየተጠቀመ የሕፃኑ ዓይነ ምድር ጓሮ የሚጣል ከሆነ ዝንቡ መራቢያ አላጣም። እንዲህ ያለው ዝርዝር የመጸዳጃ ቤት ብዛት በሚቆጥር ሪፖርት ውስጥ አይታይም።

በእርግጥ የተቃራኒው ወገን መከራከሪያ ክብደት አለው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ በእርዳታም ይገኛል፤ ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ለማስወገድ የተያዘው ዓለም አቀፍ ቀጠሮ 2030 ነው፤ ሽፋሽፍቷ የታጠፈባት ሴት ዛሬ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል እንጂ ስለ ስኳር ሰንሰለት የሚደረግ ምርምር አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መድኃኒቱም ሆነ ቀዶ ሕክምናው ይቁም የሚል የለም። ነገር ግን በእርዳታ የሚመጣ መድኃኒት ለዘለቄታው ዋስትና አይሆንም፤ የመላመዱም ነገር በጎንቻ በቁጥር ታይቷል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት ጊዜ ሳለ መዘጋጀት የሚገባው መድኃኒቱ ኃይሉን ሳያጣ ነው።

ምን ይለካ?

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ላሉ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ሦስት የምርምር አቅጣጫዎች ክፍት ናቸው።

የመጀመሪያው ጊዜን መለካት ነው። የአንድ ሕፃን ፊት በንጹሕ ውሃ ከታጠበ በኋላ ዓይናር ተመልሶ እስኪታይ፣ ዝንብም መልሶ እስኪያርፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በክረምትና በበጋ፣ በሳሙናና ያለ ሳሙና፣ በጭሳማና በነፋሻማ ቤት ልዩነት አለው? ይህ ጥናት ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ሰዓት፣ የሠለጠነ ታዛቢና የቤተሰቡ ፈቃድ ይበቁታል። ዓይናሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመለስ ከሆነ «ጠዋት ጠዋት ፊት ይታጠብ» የሚለው ምክር በጣም ያነሰ መሆኑ ይታወቃል።

ሁለተኛው ቦታን መለየት ነው። በኦሮሚያ የተካሄደ ጥናት የባክቴሪያውን ዲ ኤን ኤ በበሽታው በተያዙ ቤተሰቦች ፊት፣ እጅ፣ ልብስና በዝንቦች ላይ አግኝቷል። የተገኘው ዲ ኤን ኤ በሕይወት ካለ ባክቴሪያ ይሁን ከሞተ ግን ለብቻው መመርመር አለበት፤ ባክቴሪያው ከሰው ዓይን ውጪ የሚቆይበት ጊዜ እንደሚያርፍበት ገጽ ይለያያል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዝናቧም በብዛት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድባት ከተማ ናት። በጮቄ ተራራ ግርጌ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጆችም በአንድ ጋቢ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ባክቴሪያውን በጨርቅ ላይ ያቆየዋል ወይስ ያጠፋዋል? ከቆላው ጋር ሲነጻጸርስ? ናሙናው ከቤቶች ተሰብስቦ በባሕር ዳር በአማራ ሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩት ሊመረመር የሚችልበት መንገድ ቢመቻች፣ መልሱ የማስተርስ ዲግሪ ጥናት ሊደርስበት ከሚችለው በላይ አይደለም።

ሦስተኛው ገጹን ራሱን መመርመር ነው። ባክቴሪያው ያለ ሴንትሪፊውጅ፣ በ34 ዲግሪ ሙቀት፣ እንባና ዓይናር ባለበት፣ ለጭስ በተጋለጠና ባልተጋለጠ ህዋስ ላይ ምን ያህል ይጣበቃል? ይህ የህዋስ ማሳደጊያና የደኅንነት ደረጃው የተጠበቀ ቤተ ሙከራ ስለሚጠይቅ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አቅም ብቻ የሚሠራ አይደለም። አዲስ አበባ እንደሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ካሉ ተቋማት ጋር የጋራ አማካሪ ተመድቦ ሊካሄድ ይችላል። ጥያቄውን ከቤቱና ከምድጃው አንሥቶ የሚያቀርበው ግን አካባቢውን የሚያውቀው ተማሪ መሆን አለበት።

የሦስቱም አቅጣጫዎች ጥቅም ወደ ተግባር በቀላሉ መተርጎማቸው ነው። ዋናው መተላለፊያ ጨርቅ ሆኖ ከተገኘ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ፊት መጥረጊያ ታስተምራለች፤ የጋራ መኝታ ከሆነ ስለ ጋቢና ስለ ትራስ ትመክራለች፤ ዝንብ ከሆነ ስለ ሕፃናት ዓይነ ምድር አወጋገድ ታነሣለች፤ ጭስ ከሆነ ጭስ ቀናሽ ምድጃ የዓይን ጤና ጉዳይ ይሆናል። ዛሬ ግን ሁሉም ምክሮች በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ድምፅ ይነገራሉ። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ልጅ አዝላ የምታርም እናት ሁሉንም ልትፈጽም አትችልም፤ ከሁሉ በፊት የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት የሚነግራት ማስረጃ ይገባታል።

ጎንቻ ሲሶ እነሴ መድኃኒቱ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደሚያስከትል ለዓለም አሳይታለች። ለዚያ ጥናት ልጆቻቸውን አቅርበው የዓይንና የአፍንጫ ናሙና ያስወሰዱት ወላጆች የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ናቸው። የቀረው ጥያቄ፣ ማለትም የዳነው ዓይን በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ነገር ምክንያት ዳግም እንደሚያዝ የሚመረምረው ሥራ፣ ከእነዚሁ ቤቶች ደጃፍ የሚጀመር ነው። በመጪዎቹ ዓመታት የድኅረ ምረቃ የጥናት ርእሶች ሲመረጡ ይህ ጥያቄ ተገቢውን ቦታ ቢያገኝ፣ ዛሬ በጀርባ የታዘለችው ሕፃን ስታድግ ወረንጦ አያስፈልጋት ይሆናል።